ሰኞ ላይ የቆመ ጣት

በሃያ ሁለት ዓመት የጋዜጠኝነት ሥራዬ ጎርፍ ዘግቤአለሁ፤ የአንበጣ መንጋ ዘግቤአለሁ፤ አንድ ጊዜም ገና ጭሱ ያልበረደ ገበያ መካከል ቆሜ ዜና ልኬአለሁ። ከእነዚህ አንዱም የአሠራር ልማዴን አልለወጠውም። የለወጠው አንድ እሑድ፣ ከወረታ ወጣ ብሎ ባለ የሩዝ መጋዘን ውስጥ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሆነው ነገር ነው። ከዚያ ውስጥ ከሁለት ሰዓት በላይ የቀኝ እጄ ሌባ ጣት አንድ መስታወት ላይ ተተክሎ ቆይቷል። ማጋነን አልወድም፤ እማኞች አሉኝ።

ያን ጊዜ ባሕር ዳር ሆኜ ለአንድ ጋዜጣ እሠራ ነበር። ቶሎ የምደነግጥ ሰው አይደለሁም። ባልደረቦቼ ቢሮው ቢቃጠል መጀመሪያ የእሳቱን መነሻ ሰዓት እጽፋለሁ ብለው ይቀልዱብኝ ነበር። አጥብቄ የምይዘው ሕግም ነበረኝ፦ በምዘግበው ጉዳይ ውስጥ አልገባም። ዳር ቆሜ አያለሁ፣ እጽፋለሁ፣ እሄዳለሁ።

የእኅቴ ልጅ ማስተዋል ኮምፒውተር አጥንታ ወደ ወረታ ተመልሳ ነበር። ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ የሚያመርቱ ገበሬዎች አንድ ማኅበር አላቸው፤ ማኅበሩ ደግሞ አንድ የመውቂያ ማሽን አለው። ሩዝ ሁሉም ቤት በአንድ ሰሞን ስለሚደርስ ለማሽኑ ተራ ይያዛል። ተራው በየቀኑ ይለዋወጣል፤ አንዱ ቤት ለቅሶ ይገባል፣ የሌላው ነዶ ሳይደርቅ ይቀራል። ይህ ሁሉ በደብተር ይጻፍ፣ ይሰረዝ፣ በላዩ ላይ ይጻፍ ነበር። ደብተሩን የሚይዙት መሪጌታ ላቀው «ከእኔ በቀር የሚያነበው የለም፤ እኔም ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው» ይሉ ነበር።

ማስተዋል ደብተሩን በታብሌት ተካችው። በመስታወቱ ላይ ቀኖቹ ከላይ ወደ ታች ተደርድረዋል። በየቀኑ አንጻር የባለተራው ስም ያለበት ካርድ አለ። ተራ መለወጥ የፈለገ ሰው ካርዱን በጣቱ ይጫናል፣ ወደሚፈልገው ቀን ይጎትታል፣ ጣቱን ያነሣል፤ ካርዱ እዚያ ያርፋል። አዲሱ ዝርዝርም ወዲያው በማሽን ነጂው ስልክ ላይ ይወጣል።

«ጋሼ፣ ለማውስ የተሠራ ዝግጁ ነገር አለ፤ ለጣት ግን አይታዘዝም» አለችኝ በስልክ። «ስለዚህ ከባዶ ጻፍሁት። ጣት ሲያርፍ፣ ጣት ሲሄድ፣ ጣት ሲነሣ፤ ሦስቱን ብቻ ነው የምከታተለው።»

«ጣቱ ካልተነሣስ?»

«ማን ጣቱን ሳያነሣ ይቀራል?»

እሑድ ጠዋት ከባሕር ዳር በሚኒባስ ስሄድ የዜናውን መግቢያ መንገድ ላይ ጻፍሁት፦ «በወረታ አካባቢ የሚገኙ ሩዝ አምራቾች የመውቂያ ተራቸውን በቀላሉ በጣታቸው መያዝ ጀመሩ።» «በቀላሉ» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ስደርስ ሰዉ ከቅዳሴ ወጥቶ መጋዘኑ ውስጥ ሰብሰብ ብሏል። ታብሌቱ ጠረጴዛ ላይ ነው። መሪጌታ ላቀው ደብተራቸውን ዘግተው በሲባጎ አሰሩትና «ከዛሬ ጀምሮ ተራ ማለት መስታወቱ የሚለው ነው» አሉ። ሰዉ ተስማማ። መስታወቱ የሚለውም ይህን ነበር፦ ሰኞ ደሳለኝ፣ ማክሰኞ ወይዘሮ ጥሩዬ፣ ረቡዕ ራሳቸው መሪጌታ፣ ሐሙስ አቶ ፈንታ።

አቶ ፈንታ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው። ሩዛቸው ዓርብ ታጭዶ ከርብ ወንዝ ወዲህ ባለው ዝቅተኛ ማሳቸው ላይ ተዘርግቷል፤ አልተከመረም። በዚያ ጠዋት ደግሞ ከጣና በኩል በኅዳር የማይጠበቅ ደመና ተነሥቷል። መሬቱ ውኃ የሚቋጥር ዋልካ ነው። አንድ ዝናብ ቢመታው ሩዙ ጭቃ ላይ ይተኛል፣ ይበቅላል፣ የዓመቱ ልፋት ያልቃል። እስከ ሐሙስ መቆየት አይችሉም። ስለዚህ መጀመሪያ የተነሡት እሳቸው ሆኑ።

ማስተዋል እንዳሳየቻቸው ካርዳቸውን ተጭነው ጎተቱ። ካርዱ ብድግ ብሎ ጣታቸውን ተከተለ፤ ሰዉ አጨበጨበ። ሰኞ ላይ ሲደርሱ የደሳለኝ ካርድ ፈቀቅ ብሎ ወደ ታች ወረደ። አቶ ፈንታ ደርቀው ቀሩ።

«ምን ሆነ?»

«ቦታ ለቀቀልዎት» አለች ማስተዋል። «ጣትዎን ያንሡ፤ ሰኞ የእርስዎ ነው።»

«ማን ነው የለቀቀልኝ?»

«አያ ደሳለኝ።»

«ደሳለኝ ይፋግ ለቅሶ ላይ ነው። በየት በኩል ለቀቀልኝ?»

«ካርዱ ነው የለቀቀው፣ አያ ፈንታ።»

«ካርዱ ማንን ጠይቆ?»

ማስተዋል እኔን አየችኝ። እኔ ማስታወሻ ደብተሬን አየሁ።

«እንግዲያው ወደ ሐሙስ ይመልሱት» አለች። «ምንም አይሆንም።»

«ሩዜ መሬት ተኝቶ? ደመናውን አታዪውም?» ጣታቸውን ግን አላነሡም። «ደሳለኝን ጥሩልኝ።»

እዚህ ላይ ለአካባቢው እንግዳ ለሆነ አንባቢ አንድ ነገር ላስረዳ። በዚያ አገር ሰው ቤት የሚሄድ ሰው ደጅ ላይ ቆሞ «ቤቶች» ብሎ ይጣራል። ግባ ሳይባል አይገባም። የለም ሳይባልም አይመለስም፤ ጠርቶ ዝም ብሎ የሚመለስ ለነገር የመጣ ነው ይባላል። አቶ ፈንታ ጣታቸውን የተከሉት ደሳለኝ ደጅ ላይ ነው። መስታወት ይሁን እንጂ ደጅ ነው። ዙሪያውን የተቀመጡት ሽማግሌዎች በሙሉ ነገሩ እንዲያው እንደሆነ ገባቸው፤ አንዱ መቀመጫ ዱካ አምጥቶ ከአቶ ፈንታ ሥር አኖረ። ያልገባን እኔና ማስተዋል ብቻ ነበርን።

ለደሳለኝ ተደወለ። ሚስቱ አነሣች፤ ስልኩን ቤት ትቶት ሄዷል። አንድ ባለሞተር ወደ ይፋግ ተላከ።

«ጋሼ» አለችኝ ማስተዋል በጆሮዬ፣ «መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። ባትሪው ሠላሳ በመቶ ነው።»

«ሰው ባይነካው ይቆያል?»

«እየነኩት ነው እኮ።»

ካርዱን ከያዙ አንድ ሰዓት ሊሞላ ሲል አቶ ፈንታ መቁነጥነጥ ጀመሩ። ሌሊቱን ቅዳሴ ቆመው ያደሩ ሰው ናቸው። በመጨረሻ መሪጌታን ጠርተው ዝቅ ባለ ድምፅ ደጅ መውጣት እንዳለባቸው ነገሯቸው። (ይህን ልጻፈው ወይ ብዬ በኋላ ጠይቄአቸዋለሁ። «ከጻፍኸው ዘንድ ቶሎ መመለሴንም ጻፍ» አሉኝ። ቶሎ ተመልሰዋል።)

መሪጌታ ዙሪያውን ቃኙ። «ወገን የሌለው ጣት ነው የሚያስፈልገን። እኔ ረቡዕ አለኝ። ጥሩዬ ማክሰኞ አላት። ልጅቱ ሠሪዋ ናት፤ ለሥራዋ ታደላለች።» ዓይናቸው እኔ ላይ ዐረፈ። «አንተ ምን አለህ?»

«እኔ ጋዜጠኛ ነኝ፣ የኔታ። በዚህ ጉዳይ ውስጥ ምንም የለኝም።»

«እሱን ነው የምፈልገው።»

ሕጌን አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ። «መልካም ሕግ ነው» አሉ። «አሁን ጣትህን አምጣ፤ ሰውዬው ተቸግሯል።»

ማስተዋል ፊቷ ተለወጠ። ፕሮግራሙ የሚከተለው መጀመሪያ ያረፈውን ጣት ብቻ ነው። ያ ጣት ሲነሣ፣ ሌላ ጣት አጠገቡ ቢኖርም ባይኖርም፣ ካርዱ ይወድቃል። ትንሽ አሰበችና «ሁለት ጣት በጣም ከተጠጋጋ መስታወቱ አንድ ወፍራም ጣት ይመስለዋል» አለች። «ጋሼ፣ ከጎናቸው ተጠግተህ ግባ። ስትገባ ሳይሆን እሳቸው ሲወጡ ነው ችግሩ። አያ ፈንታ፣ እርስዎ ቀስ ብለው በጎን ይንከባለሉ።»

«እኔ ልንከባለል?»

«ጣትዎ።»

ጣቴን ከጣታቸው ጎን ለጎን አጣበቅሁ። የእሳቸው በማጭድ የተቀረጸ፣ እንደ አሮጌ ሞፈር የጠና ነው። ወይዘሮ ጥሩዬ ከጎናችን ጎንበስ ብለው «ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ» ይላሉ፤ ላም የምታምጥ ይመስል። አቶ ፈንታ ጣታቸውን አንከባልለው አወጡ። ካርዱ ተንቀጠቀጠ፤ ቆመ። መጋዘኑ በሙሉ ተነፈሰ። አቶ ፈንታም ወጡ።

ሲመለሱ ተራቸውን የሚረከቡ መስሎኝ ነበር። ከላይ አይተው «ያንተ ጣት ለስላሳ ነው፤ መስታወቱ ወዶታል። ቆይ» አሉኝና ደመናውን ለማየት ወጡ።

እንዲህ ሆኜ ቀረሁ። ቀኝ እጄ ስለተያዘ መጻፍ አልችልም። በሙያዬ ሳልጽፍ የቆየሁበት ረጅሙ ሰዓት ያ ነው። አንድ ሰው ጥብስ ሽምብራ በግራ እጄ ሰጠኝ። ዝንብ መጥታ ቀኝ እጄ ላይ ተቀመጠች፤ ሦስት ሰው በጋቢ ጫፍ ሊያባርራት ሲል ማስተዋል «መስታወቱን እንዳትነኩ» ብላ በመካከል ቆመች። ዝንቧ እስክትጠግብ ተቀመጠች።

አዘጋጄ ደወለ። ማስተዋል ስልኩን ጆሮዬ ላይ ያዘችልኝ።

«ዜናው የታለ?»

«ገና ነው።»

«አንድ ታብሌት ነው እኮ። ምን እያደረግህ ነው?»

«ተራ እየጠበቅሁ ነው።»

«የማንን ተራ?»

«የአቶ ፈንታን።»

«ታመሃል?» አለኝ።

መጻፍ የተከለከለ ሰው ማየት ይጀምራል። ወይዘሮ ጥሩዬ መስታወቱን ቁልቁል እየተመለከቱ ከንፈራቸውን ሲያንቀሳቅሱ አየሁ። ባላቸው ካረፉ በኋላ ማሳቸውን ብቻቸውን የሚያርሱ፣ ነገር የማያበዙ ሴት ናቸው።

«ምን ሆኑ፣ እትዬ?»

«እኔስ ማንን ነው የማናግር?» አሉ። «ረቡዕ ገብቻለሁ።»

አየሁ። እውነት ነው። የአቶ ፈንታ ካርድ ሰኞ ሲገባ ደሳለኝን ወደ ማክሰኞ ገፍቶታል፤ ደሳለኝ ወይዘሮ ጥሩዬን ወደ ረቡዕ፤ እሳቸው ደግሞ መሪጌታን ወደ ሐሙስ። ሦስት ሰው ተነሥቷል። ያን መስታወት ከማንም በላይ ስመለከት የቆየሁት እኔ ነኝ፤ ከሁለተኛው መስመር በታች ግን አላነበብሁም።

«ማክሰኞ አሥር ሰው ለወንፈል ጠርቻለሁ» አሉ። «ጠላው ተጠምቋል።»

«ታዲያ እስከ አሁን ለምን አልተናገሩም?»

«የሚጠይቀኝን እየጠበቅሁ።»

መሪጌታ ላቀው መነጽራቸውን አውጥተው ጎንበስ አሉ። «ሐሙስ ተኝቻለሁ!» አሉ። እስከዚያ ሰዓት ድምፁን ከፍ ያደረገ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ማስተዋል ግንባሯን ያዘች። «ሲጎተት ሌሎቹ ፈቀቅ ማለታቸው የሚያምር ነገር መስሎኝ ነበር» አለች። «ሁለት ሳምንት የደከምሁት ፈቀቅ ሲሉ እንዳይዘሉ፣ ለስለስ እንዲሉ ነው።»

«ለስለስ ብሏል» አሉ ወይዘሮ ጥሩዬ። «ሲያነሡኝ አልተሰማኝም።»

ደሳለኝ ስምንት ሰዓት ሲሆን በሞተር መጣ። ኀምሳ የሚሆነው፣ ደልደል ያለ ሰው ነው። ነገሩ ሁሉ ተነገረው። መስታወቱን አየ፣ የእኔን ጣት አየ፣ እኔን አየ።

«ይሄ ማን ነው?»

«ወገን የሌለው ነው» አሉ መሪጌታ።

አቶ ፈንታ ተነሥተው ቆሙና በወጉ ጠየቁት፤ ሩዛቸው መሬት ላይ መሆኑን፣ ደመናውን፣ ሰኞን ቢለቅላቸው ውለታ መሆኑን ነገሩት። ደሳለኝ እስኪጨርሱ ጠብቆ ራሱን ነቀነቀ።

«አያ ፈንታ፣ የእኔ ሩዝ ገና ቆሟል። ለቅሶው መጣና አልታጨደም። ሐሙስዎን እንዲለውጡኝ ልለምን ዛሬ ንጋት ደጅዎ ቆሜ ‹ቤቶች› ስል ነበር። ቅዳሴ ሄደዋል ተብዬ ተመለስሁ።»

አቶ ፈንታ እጃቸውን ዘረጉለት።

«እንግዲያው አለቀ» አልሁ፤ ጣቴን ላነሣ።

«አታንሣ!» አሉ ወይዘሮ ጥሩዬ፣ መሪጌታና ማስተዋል።

ትክክል ናቸው። ብለቀው አቶ ፈንታ ሰኞ ይገባሉ፤ ደሳለኝ ግን ሐሙስ አይሄድም፤ ማክሰኞ ላይ ተቀምጦ ሁለቱን እንደገፋ ይቀራል። የሚፈለገው ሁለቱ ብቻ ቦታ እንዲለዋወጡ ነው። ማስተዋል ደግሞ መለዋወጥ የሚባል ነገር አልሠራችም። የተሠራው መግፋት ነው።

እሷ ግን ጣቷን በአየር ላይ እያንቀሳቀሰች አሰበች። «ሁለት ጊዜ ከሆነ ይሆናል። ጋሼ ይለቃል፤ ሁሉም እንደተገፋ ይቆያል። ከዚያ አያ ደሳለኝ የራሱን ካርድ ወደ ሐሙስ ይጎትታል። እሱ ሲወርድ እትዬ ጥሩዬ ወደ ማክሰኞ፣ የኔታም ወደ ረቡዕ ተመልሰው ይወጣሉ። የሚነሡት ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው።»

«በመካከል ባትሪው ቢያልቅስ?» አሉ መሪጌታ።

«ነጂው ጋ የደረሰው የመጨረሻው ይጸናል።»

«ስለዚህ ሐሙስ ላይ እቀራለሁ።»

«አዎ።»

«ስንት ቀረው?»

«አራት።»

መሪጌታ ጢማቸውን ይዘው ማሰብ ጀመሩ። ለጥቂት ሰከንድ መነሣት መነሣት ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ እንደከበዳቸው ያስታውቃል። ደጅ ደመናው ፀሐዩን ሸፈነ፤ አቶ ፈንታ ወደ በሩ አዩ።

«የኔታ» አሉ ወይዘሮ ጥሩዬ፣ «እርስዎ ሲያስቡ ነው የሚያልቀው። እኔ ፈቅጃለሁ።» ከአግዳሚውም ላይ ተነሥተው ቆሙ። መሪጌታም ተነሥተው አጠገባቸው ቆሙ። «ፈቅጃለሁ» አሉ፤ «ግን ፈጠን በሉ።»

«ልቀቅ» አለችኝ ማስተዋል።

«ለቅቄአለሁ።»

«አልለቀቅህም።»

ጣቴን አየሁት። እውነትም እዚያው ነው። ከሁለት ሰዓት በኋላ ከእኔ ተለይቶ የራሱን ኑሮ ጀምሯል። ወይዘሮ ጥሩዬ አንጓዬን ይዘው ቀና አደረጉልኝ። ካርዱ ሰኞ ላይ ዐረፈ።

«አያ ደሳለኝ፣ ቶሎ።»

ደሳለኝ ጣቱን ካርዱ ላይ አኖረና ሳበ። ካርዱ አልተነቃነቀም። እንደገና ሳበ። «አያውቀኝም» አለ። ጣቱ በእርሻ ሥራ ደርቆ ቆዳው ጠንክሯል፤ መስታወቱ ጣት መሆኑን አላመነም። «ሦስት» አለች ማስተዋል። ደሳለኝ ጣቱን አፉ ውስጥ ከቶ አረጠበና ጫነ። አሁን ተነሣ። ነገር ግን በሬ እንደሚስብ በኃይል ስለሳበው ካርዱ ከዝርዝሩ ውጭ ወጣ፤ ጣቱ ሲነሣም ተንሸራትቶ ወደ ማክሰኞ ተመለሰ።

«ሁለት።»

«በቀስታ» አሉ አቶ ፈንታ። «እንደ ጥጃ።»

አረጠበ፣ ጫነ፣ በቀስታ ወሰደው። የወይዘሮ ጥሩዬ ካርድ ወደ ማክሰኞ ወጣ። የመሪጌታ ወደ ረቡዕ ወጣ። የደሳለኝ ሐሙስ ላይ ደረሰ። አሁን ደግሞ ደሳለኝ ጣቱን አላነሣም።

«ልልቀቅ፣ እትዬ ጥሩዬ?»

«ልቀቅ።»

«ልልቀቅ፣ የኔታ?»

«ልቀቅ እንጂ!»

ለቀቀ። መስታወቱም ጠቆረ።

ጣቱ ይቅደም ባትሪው ማንም አላወቀም። ማስተዋል ለማሽን ነጂው ደውላ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ሰውዬው ምሳ ላይ ነበር፤ ጎርሶ እያላመጠ አነበበልን። «ሰኞ አቶ ፈንታ። ማክሰኞ...» ዋጠ። «ማክሰኞ ወይዘሮ ጥሩዬ። ረቡዕ መሪጌታ። ሐሙስ ደሳለኝ። ደግሞ ምን ሆናችኋል? በአንድ ጊዜ ሁለት ዝርዝር ነው የላካችሁልኝ።»

ወይዘሮ ጥሩዬና መሪጌታ ያን ጊዜ ተቀመጡ።

የአቶ ፈንታ ሩዝ ሰኞ ተወቃ። የመጨረሻው ከረጢት ቤት ሲገባ እኔ እዚያው ነበርሁ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ይሆናል። ዝናቡ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጣለ፤ ሩብ ሰዓት ያህል፣ ግን የምር ዝናብ። ሩዙ ተዘርግቶ የነበረበት ማሳ ውኃ ቋጥሮ አደረ። የወይዘሮ ጥሩዬ ክምር ላዩ ስለረጠበ ማክሰኞ ሥራ የተጀመረው እኩለ ቀን ላይ ነው። አሥሩ የወንፈል ሰዎች ጠላውን ቀደም ብለው ጀመሩት፤ የከፋው ግን የለም።

ማስተዋል ፕሮግራሙን ለወጠችው። አሁን ካርድ ካርድን አይገፋም። ሄዶ ሌላው አጠገብ ይቆማል፤ ጣት ቢነሣም እዚያው ቆሞ ይጠብቃል። ባለቤቱ መጥቶ በራሱ ጣት «ይሁን» ሲል ሁለቱ ብቻ ይለዋወጣሉ። ከመጀመሪያው ያነሰ ጽሑፍ ነው ትላለች፤ እኔ አላረጋገጥሁም።

አንባቢዎቼ፣ አንድ ጣት ይህን ያህል ምን ይለውጣል ትሉ ይሆናል። ወደ ባሕር ዳር ስመለስ የቆዩ ዜናዎቼን አውጥቼ አነበብኋቸው። በየአንዳንዳቸው አንድ ሰው ከላይ አስቀምጫለሁ፤ እሱን አናግሬዋለሁ፣ ስሙን አጣርቻለሁ። ከሥሩ ግን በአምስተኛውና በስድስተኛው አንቀጽ «ነዋሪዎች»፣ «አንዲት ባለሱቅ»፣ «ጎረቤቱ» የተባሉ ሰዎች አሉ። እሱን ከላይ ሳስቀምጥ ፈቀቅ ያደረግኋቸው ናቸው። ለስለስ አድርጌ ስላነሣኋቸው ማናቸውም አልጮኹም፤ እኔም ዝምታውን ስምምነት ብዬ ቆጥሬው ነበር። ስሕተት አልጻፍሁም። ግን አልጠየቅሁም።

ከዚያ ወዲህ ዜና ከመላኬ በፊት እስከ ታችኛው አንቀጽ ድረስ እደውላለሁ። አዘጋጄ ይናደዳል፤ ዜናዬ ከሰው ዜና ኋላ ይደርሳል። ባለፈው ክረምት ስለ አንድ የተቆረጠ መንገድ ጽፌ፣ በስድስተኛው አንቀጽ «አንድ የባጃጅ ሹፌር» ብዬ ላለፍሁት ሰው ደወልሁለት።

«ስለ እኔ የጻፉት ገና ሳይወጣ ነው የደወሉት?» አለኝ።

«አዎ።»

የባጃጁ ሞተር ሲጠፋ ሰማሁ።

«እንግዲያው ይቆዩኝ» አለ፤ «ከመጀመሪያው ልንገርዎት።»